ከወኪልነት ወደ አሠሪነት፦ የኤም.ሲ.ኤ. አነሣስና መፍረስ

የተዋንያንና የሙዚቀኞች ወኪል ድርጅት ማለት ለባለሙያው ሥራ የሚያፈላልግ፣ በክፍያው ላይ ስለ እርሱ ሆኖ የሚደራደር፣ ውሉ በተጻፈው መሠረት መፈጸሙን የሚከታተል፣ ለዚህም አገልግሎቱ ባለሙያው ከሚያገኘው ገቢ ላይ የተወሰነ ኮሚሽን የሚወስድ ተቋም ነው። በአሜሪካ የመዝናኛ ኢንዱስትሪ ይህ ኮሚሽን ከረጅም ጊዜ ጀምሮ አብዛኛውን ጊዜ 10 በመቶ ሲሆን፣ የአሠራሩ ፍሬ ነገርም ቀላል ነው፤ ተዋናዩ ብዙ ሲከፈለው ወኪሉም ብዙ ያገኛል፣ ተዋናዩ ሥራ ሲያጣ ወኪሉም ባዶ እጁን ይቀራል። የቤት ደላላ ከሻጭም ከገዢም ኮሚሽን ቢቀበል ሥራው ሁለቱን ማገናኘት ነውና የሚነቅፈው የለም፤ ወኪል ግን በድርድሩ ከአንዱ ወገን ጋር ብቻ የሚቆም በመሆኑ ከደላላ ይለያል። ባለሙያው ከገቢው አንድ አሥረኛውን ቆርሶ የሚከፍለውም ለዚሁ ወገንተኝነት ነው።

ይህ ምዕራፍ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከአሜሪካ ወኪል ድርጅቶች ሁሉ ኃያል የነበረው ሚውዚክ ኮርፖሬሽን ኦፍ አሜሪካ፣ በአጭር አጠራሩ ኤም.ሲ.ኤ.፣ እንዴት እንደ ተነሣ፣ እንዴት ከወኪልነት ወደ አሠሪነት እንደ ተሻገረ፣ በመጨረሻም ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ እንዴት እንደ ተገደደ ይመረምራል። ታሪኩ ከአንድ ድርጅት ዕጣ ያለፈ ቁም ነገር አለው፤ ምክንያቱም ወኪሉን ከአሠሪው የሚለየው አጥር የፈረሰው በጉልበት ወይም በማጭበርበር ሳይሆን፣ ተዋንያን መብታቸውን ለማስከበር ያቋቋሙት ማኅበር በችግር ወቅት በሰጠው ፈቃድ እንደ ነበረ ያሳያል። በምዕራፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የወኪልነት ሥራ ጅማሬ

ኤም.ሲ.ኤ. ከመመሥረቱ በፊት ወኪልነት የተስፋፋው በቮድቪል ዙሪያ ነበር። ቮድቪል ዘፈን፣ ጭፈራ፣ ቀልድና የአካል ብቃት ትርኢት በአንድ ምሽት ተከታትለው የሚቀርቡበት የመድረክ ዝግጅት ሲሆን፣ ሲኒማና ሬዲዮ እስኪያደበዝዙት ድረስ በአሜሪካ ከተሞች እጅግ የተወደደ መዝናኛ ነበር። ከጀርመን ግዛት በልጅነቱ የፈለሰው አይሁዳዊው ዊልያም ሞሪስ በ1898 በኒው ዮርክ በስሙ የሚጠራውን ወኪል ድርጅት ከፍቶ አርቲስቶችን ከቲያትር ቤቶች ጋር ማዋዋል ጀመረ። በዚያው ዘመን ግን ታላላቆቹ የቲያትር ቤት ባለቤቶች ቤንጃሚን ኪዝና ኤድዋርድ አልቢ በ1906 የጋራ የቅጥር ቢሮ አቋቋሙ፤ በእነርሱ መድረክ ለመሥራት የሚፈልግ አርቲስት በዚሁ ቢሮ በኩል ማለፍ ግድ ሆነበት፣ ከደመወዙም 5 በመቶ ለቢሮው ይከፍል ነበር። አርቲስቱ ሥራ ለማግኘት ኮሚሽን የሚከፍለው ደመወዙን ለሚተምንበት ለዚያው አሠሪ ነበር ማለት ነው። ሞሪስ ይህን አሠራር ለዓመታት ታገለ፤ ወኪልና አሠሪ አንድ ሲሆኑ የባለሙያው ድርሻ ምን እንደሚሆንም ኢንዱስትሪው ገና በማለዳው አየ።

የዓይን ሐኪሙና የሙዚቃ ባንዶቹ

የኤም.ሲ.ኤ. መሥራች ጁልስ ስታይን በ1896 በኢንዲያና ግዛት በሳውዝ ቤንድ ከተማ ከሊትዌኒያ ከፈለሱ አይሁዳውያን ወላጆች ተወለደ። በሕክምና ተመርቆ፣ በቪየና ተጨማሪ ትምህርት ተከታትሎ፣ በቺካጎ የዓይን ሐኪም ሆኖ ይሠራ ነበር። የትምህርት ወጪውን የሸፈነው ቫዮሊንና ሳክስፎን እየተጫወተና አነስተኛ ባንድ እየመራ ሲሆን፣ በዚህ መካከል አንድ ነገር አስተዋለ፤ በአንድ ምሽት አንድ ቦታ ራስ ሄዶ ከመጫወት ይልቅ ሌሎች ባንዶችን ወደ ብዙ ቦታ መላክና ከእያንዳንዳቸው ኮሚሽን መውሰድ የተሻለ ገቢ ያስገኛል። በ1924 ከጓደኛው ከቢሊ ጉድሃርት ጋር በ1,000 ዶላር መነሻ ካፒታል ድርጅቱን በቺካጎ ከፈተ፤ ብዙም ሳይቆይ የሕክምና ሙያውን ትቶ ሙሉ ጊዜውን ለዚሁ ሰጠ።

እስከዚያን ጊዜ ድረስ አንድ ባንድ በአንድ ሆቴል ወይም የዳንስ አዳራሽ ወቅቱን ሙሉ ይቆይ ስለ ነበር፣ አዳራሹ ለደንበኞቹ አዲስ ነገር ማቅረብ፣ ባንዱም ስሙን ከአንድ ከተማ ውጭ ማሰማት ይቸግረው ነበር። ስታይን ባንዶቹን ከከተማ ወደ ከተማ እያዘዋወረ፣ አንዳንዴም በየምሽቱ ቦታ እያለዋወጠ የሚያሰማራ ሥርዓት ዘረጋ። ከዚህ ጋር ሁለት ዓይነት ውል አጣመረ፤ ባንዱ ከኤም.ሲ.ኤ. በቀር ሌላ ወኪል እንዳይኖረው የሚያደርግ ብቸኛ የውክልና ውል በአንድ በኩል፣ አዳራሹ ባንዶቹን በሙሉ ከኤም.ሲ.ኤ. ብቻ እንዲወስድ የሚያስገድድ ውል በሌላ በኩል። ታዋቂውን የጋይ ሎምባርዶን ባንድ የሚመኝ አዳራሽ ስማቸው ገና ያልተሰማ ባንዶችንም አብሮ መቀበል ነበረበት። ሬዲዮ ሲስፋፋ ደግሞ ከሆቴሎች በቀጥታ የሚተላለፈው ሙዚቃ የባንዶቹን ዝና በመላ አገሪቱ ስለሚያሰራጨው፣ በጉዞ ላይ የሚጠይቁት ዋጋ በዚያው መጠን ያድግ ነበር።

በ1930ዎቹ መጨረሻ ድርጅቱ ከአገሪቱ ታላላቅ የዳንስ ባንዶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ይወክል ነበር። ይህ ጉልበት ግን ተቃውሞ ማስነሣቱ አልቀረም። በሳን ዲዬጎ የዳንስ አዳራሽ የሚያስተዳድረው ነጋዴ ላሪ ፊንሌይ፣ ኤም.ሲ.ኤ. ታዋቂ ባንዶችን ለተፎካካሪው ብቻ እየሰጠ ንግዱን እንዳዳከመበት በመግለጽ የፀረ-ሞኖፖሊ ክስ መሠረተ፤ ፀረ-ሞኖፖሊ የሚባለው ሕግ ነጋዴዎች ገበያውን በብቸኝነት እንዳይቆጣጠሩና ውድድርን በስምምነት እንዳያፍኑ የሚከለክል ሕግ ነው። በ1946 ዳኝነት ሸንጎው ለፊንሌይ ፈረደ፤ በዚያን ጊዜ ድርጅቱ በየአቅጣጫው እጁን የሚሰድ ኦክቶፐስ የሚል ቅጽል ስም ወጣለት፣ ስሙም ለረጅም ጊዜ አልለቀቀውም።

ሆሊውድና የትርፍ ድርሻ ውል

ስታይን በዲሴምበር 1936 የቀጠረው የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ሉው ዋሰርማን የድርጅቱን አቅጣጫ ለወጠው። ዋሰርማን በክሊቭላንድ ከሩሲያ ከፈለሱ አይሁዳውያን ቤተ ሰብ ተወልዶ፣ በሲኒማ ቤት ተመልካቾችን ወደ ወንበራቸው እየመራ፣ ቀጥሎም ለምሽት ክበብ ማስታወቂያ እየሠራ ያደገ ሰው ሲሆን፣ ኮሌጅ ሳይገባ የፊልም ንግድን ሒሳብ ከማንም በላይ ጠንቅቆ አወቀ። በ1946 ስታይን የቦርድ ሊቀ መንበር ሲሆን የፕሬዚዳንትነቱን ሥራ ዋሰርማን ያዘ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ኤም.ሲ.ኤ. የሌላንድ ሄይዋርድን ወኪል ድርጅት ሲገዛ፣ ሄንሪ ፎንዳንና ጄምስ ስቱዋርትን የመሳሰሉ ዝነኛ ተዋንያን በአንድ ጊዜ ደንበኞቹ ሆነዋል።

በሆሊውድ የነበረው ሥርዓት በዚያን ወቅት እየተናጋ ነበር። ታላላቆቹ ስቱዲዮዎች ተዋንያንን እስከ ሰባት ዓመት በሚደርስ ውል በደመወዝ ይዘው፣ የሚሠሩባቸውን ፊልሞችም ይመርጡላቸው ነበር፤ ተዋናዩ የተሰጠውን ሚና አልቀበልም ካለ ከደመወዝ ይታገዳል፣ የታገደበትም ጊዜ በውሉ ዘመን ላይ ይጨመርበታል። ተዋናይት ኦሊቪያ ደ ሃቪላንድ ዋርነር ብራዘርስን ተሟግታ፣ ሰባት ዓመት ማለት በቀን መቁጠሪያ የሚቆጠር ሰባት ዓመት እንጂ በእገዳ የሚራዘም ዘመን እንዳልሆነ የካሊፎርኒያ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1944 ወሰነላት። በ1948 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፓራማውንት ጉዳይ በሰጠው ፍርድ ምክንያት ስቱዲዮዎቹ ከሲኒማ ቤቶቻቸው እንዲለያዩ ተደረገ። የተረጋገጠ ገበያቸውን ያጡት ስቱዲዮዎች ብዙ ሰው በቋሚ ደመወዝ ማኖር ስላልቻሉ ተዋናዩ ለእያንዳንዱ ፊልም በተናጠል የሚዋዋል ነፃ ባለሙያ ሆነ፤ ነፃ ባለሙያ ደግሞ ብልህ ተደራዳሪ ያስፈልገዋል።

ዋሰርማን በዚህ ክፍተት የገባበት ዘዴ በ1950 በወጣው ዊንቸስተር 73 በተባለው ፊልም ታየ። ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ጄምስ ስቱዋርት የሚጠይቀውን ክፍያ በቅድሚያ ለመክፈል አቅም ስላልነበረው፣ ተዋናዩ ደመወዙን ትቶ ከፊልሙ የተጣራ ትርፍ ግማሹን እንዲወስድ ተስማሙ። ስምምነቱ ለሁለቱም ወገን ይጠቅም ነበር፤ ስቱዲዮው ኪሳራ ቢመጣ ተዋናዩን ተካፋይ አደረገ፣ ተዋናዩ ደግሞ ከፍተኛው የገቢ ግብር ከ80 በመቶ በላይ በነበረበት ዘመን ገንዘቡን በአንድ ዓመት ከመቀበል ይልቅ በብዙ ዓመታት ከፋፍሎ በመቀበል የግብር ጫናውን አቀለለ። የትርፍ ድርሻ ውል ከዚያ በፊት ጭራሽ ያልነበረ ባይሆንም፣ የስቱዋርት ስኬት ሌሎች ኮከቦችን ስላነሣሣ፣ የፊልም ንግድ የኃይል ሚዛን ከስቱዲዮ ወደ ተዋናይና ወደ ወኪሉ እንዲያጋድል አደረገ። ኤም.ሲ.ኤ. በዚህ ምዕራፉ የወኪልነትን ግዴታ በሚገባ እንደ ተወጣ ሳይነገር መታለፍ የለበትም፤ ደንበኛው ያተረፈው ወኪሉ በሙሉ ልቡ ከእርሱ ጋር ስለ ቆመ ነው።

የ1952ቱ ፈቃድ

በ1933 የተቋቋመው የፊልም ተዋንያን ማኅበር ወኪሎች የሚተዳደሩበት ደንብ ነበረው፤ በደንቡም መሠረት ወኪል የሆነ ድርጅት ከማኅበሩ ልዩ ፈቃድ ሳያገኝ ፊልም አዘጋጅ ሊሆን አይችልም። የክልከላው ምክንያት ግልጽ ነው፤ አዘጋጅ ወጪውን ለመቀነስ የተዋናዩን ዋጋ ዝቅ ማድረግ ይፈልጋል፣ ወኪል ግን ዋጋውን ከፍ ማድረግ አለበት፣ ስለዚህ አንድ ድርጅት ሁለቱንም ከሆነ ከራሱ ጋር ይደራደራል።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ የቴሌቪዥን ዝግጅት በብዛት በኒው ዮርክ በቀጥታ ስርጭት ይሠራ ነበር፤ ስቱዲዮዎች ደግሞ ተመልካች እየሸሻቸው ሠራተኛ ይቀንሱ ስለ ነበር በሆሊውድ ሥራ ያጣ ተዋናይ በዝቶ ነበር። ኤም.ሲ.ኤ. ሬቭዩ ፕሮዳክሽንስ በተባለው ቅርንጫፉ በኩል የቴሌቪዥን ድራማዎችን በሆሊውድ በፊልም ቀርጾ እንደሚያዘጋጅ፣ ለዚህም ከደንቡ ነፃ የሚያደርገው ፈቃድ እንዲሰጠው ጠየቀ። በጁላይ 1952 ማኅበሩ ለዓመታት የሚጸና፣ የዝግጅቶቹን ብዛት የማይገድብ ፈቃድ ሰጠው፤ ሌሎች ወኪሎች ግን ይህን የመሰለ ሰፊ ፈቃድ አላገኙም። ኤም.ሲ.ኤ. በበኩሉ ፊልሞቹ በድጋሚ በተላለፉ ቁጥር ለተዋንያኑ ተጨማሪ ክፍያ ለመስጠት ተስማማ፤ ሌሎች አዘጋጆች ይህን ክፍያ አጥብቀው በሚቃወሙበት ወቅት ተዋንያኑ ያገኙት ጥቅም በዋዛ የሚታይ አልነበረም።

በዚያን ጊዜ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬጋን ሲሆን፣ እርሱ ራሱ የኤም.ሲ.ኤ. ደንበኛ ነበር። በ1954 ደግሞ ሬቭዩ የሚያዘጋጀውን ጄኔራል ኤሌክትሪክ ቲያትር የተባለውን የቴሌቪዥን ዝግጅት ማስተዋወቅ ጀመረ፤ ይህ ሥራ ገቢውንና ዝናውን አድሶለታል። የፍትሕ ሚኒስቴር መርማሪዎች የሁለቱን ጉዳዮች ግንኙነት ሲያጣሩ፣ ሬጋን በፌብሩዋሪ 1962 በፌዴራል የምርመራ ሸንጎ ፊት ቀርቦ ስለ ፈቃዱ አሰጣጥ ተጠይቋል፤ ክስ ግን አልቀረበበትም። የግለሰቡን አሳብ መመርመር የዚህ ምዕራፍ ዓላማ አይደለም፤ ቁም ነገሩ የፈቃዱ መዋቅር ላይ ነው። ማኅበሩ አባላቱ ለዛሬ የሚያስፈልጋቸውን ሥራ ለማግኘት ሲል ለነገ የሚጠብቃቸውን አጥር ከፈተ፤ አጥሩንም የከፈተው ለአንድ ድርጅት ብቻ ስለ ነበር፣ ያ ድርጅት ከተፎካካሪዎቹ ሁሉ በላይ እንዲገዝፍ አደረገው።

ሁሉንም ወገን የያዘ ድርጅት

ከፈቃዱ በኋላ በነበሩት አሥር ዓመታት ኤም.ሲ.ኤ. ያደገው ጥቅል በሚባለው አሠራር ነው። ጥቅል ማለት ወኪሉ ደራሲውን፣ ዳይሬክተሩንና ዋና ተዋናዩን ከራሱ ደንበኞች መካከል መርጦ፣ ዝግጅቱን ሙሉ አድርጎ ለቴሌቪዥን ጣቢያ የሚሸጥበት መንገድ ነው። የአልፍሬድ ሂችኮክ ሥራዎች ይህ አሠራር የት ድረስ እንደ ዘለቀ ያሳያሉ። ሂችኮክ የኤም.ሲ.ኤ. ደንበኛ ነበር፤ በ1955 የጀመረው በስሙ የሚጠራው የቴሌቪዥን ዝግጅት በሬቭዩ ስቱዲዮ ይቀረጽ ነበር፤ በ1960 የወጣውን ሳይኮ የተባለውን ፊልሙንም በአብዛኛው በዚያው የቴሌቪዥን ቡድን ረዳትነት፣ ኤም.ሲ.ኤ. በገዛው ግቢ ውስጥ ሠራው። በኋላም የፊልሙንና የዝግጅቱን መብት ለኤም.ሲ.ኤ. በአክሲዮን ለውጦ፣ ከድርጅቱ ታላላቅ ባለ አክሲዮኖች አንዱ ሆኗል። በዚህ ሰንሰለት ሂችኮክ ራሱ ከበረ፤ ድርጅቱ ግን ወኪል፣ አዘጋጅና የቦታ ባለቤት ሆኖ በየደረጃው ተጠቃሚ ነበር። እንደ ሂችኮክ የመደራደር አቅም የሌለው ተራ ተዋናይ ወኪሉ ከአሠሪው ጋር ስለ እርሱ ይከራከር እንደ ሆነ የሚያረጋግጥበት መንገድ አልነበረውም።

ድርጅቱ ንብረት መሰብሰቡንም ገፋበት። በ1958 ፓራማውንት ቀደም ባሉት ዓመታት የሠራቸውን 750 ያህል ፊልሞች መብት በ50 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዝቶ ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች ማከራየት ጀመረ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የዩኒቨርሳልን የስቱዲዮ ግቢ በ11.25 ሚሊዮን ዶላር ሲገዛ፣ ዩኒቨርሳል በቀድሞ ግቢው ተከራይ ሆኖ ቀረ። በ1959 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጠ፤ በ1962 ደግሞ የዩኒቨርሳል ባለቤት ከሆነው ከዴካ ሪከርድስ ጋር ለመዋሐድ ተነሣ። ውሕደቱ ሲፈጸም 1,400 ያህል ባለሙያዎችን የሚወክለው ድርጅት አንድ ሙሉ የፊልም ስቱዲዮና አንድ ታላቅ የሙዚቃ ኩባንያ ይኖረዋል ማለት ነበር።

የ1962ቱ ክስና ምርጫው

በሮበርት ኬኔዲ የሚመራው የፍትሕ ሚኒስቴር በጁላይ 1962 በሎስ አንጀለስ ፌዴራል ፍርድ ቤት በኤም.ሲ.ኤ. ላይ የፀረ-ሞኖፖሊ ክስ መሠረተ፤ የተዋንያኑንና የደራሲዎቹን ማኅበራትም ፈቃዱን በመስጠታቸው የድርጊቱ ተባባሪዎች ብሎ ጠቀሳቸው። የክሱ ጭብጥ ድርጅቱ በወኪልነቱ የያዛቸውን ኮከቦች ለዝግጅቶቹ መሸጫ እየተጠቀመ፣ በአዘጋጅነቱ ያገኘውን ጉልበት ደግሞ አዳዲስ ኮከቦችን ለመሳብ እያዋለ፣ ሌሎች አዘጋጆችንና ወኪሎችን ከውድድር አስወጥቷል የሚል ነበር። የተዋንያን ማኅበሩም ጫናው ስለ በረታበት፣ ከክሱ በፊት ኤም.ሲ.ኤ. ከሁለቱ ሥራዎች አንዱን እንዲመርጥ ቀነ ገደብ አስቀምጦ ነበር።

ዋሰርማን ምርጫው አላዳገተውም፤ ሒሳቡ ከዓመታት በፊት ተወስኖ ነበርና። የወኪልነት ኮሚሽን ከአዘጋጅነት ትርፍ ጋር ሲነጻጸር ከድርጅቱ ገቢ አነስተኛ ክፍል ብቻ ስለ ነበር፣ ኤም.ሲ.ኤ. የተነሣበትንና ስሙን ያገኘበትን ሥራ በዚያው በጁላይ ወር ዘጋው፤ ክሱም በዚያው ዓመት በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት ተቋጨ። 1,400 ያህል ደንበኞች በአንድ ጊዜ ያለ ወኪል ቀሩ፤ ከድርጅቱ የወጡ ወኪሎችም የራሳቸውን ድርጅት እያቋቋሙ ወይም ወደ ነባሮቹ እየተቀላቀሉ ገበያውን ተከፋፈሉት። ኤም.ሲ.ኤ. ራሱ በዩኒቨርሳል ስም ከዓለም ታላላቅ የፊልምና የቴሌቪዥን አዘጋጆች አንዱ ሆኖ ቀጠለ። መንግሥት አጥሩን መልሶ አቆመ ቢባልም፣ ድርጅቱ በአጥሩ ወዲያና ወዲህ ሆኖ ያካበተው ሀብት ሳይነካ ቀርቷል።

ያልተዘጋው ጥያቄ

የኤም.ሲ.ኤ. መውጣት የተወውን ቦታ ከያዙት መካከል ዋነኛው በ1975 ከዊልያም ሞሪስ የለቀቁ አምስት ወኪሎች የመሠረቱት ክሪኤቲቭ አርቲስትስ ኤጀንሲ ነው። ማይክል ኦቪትስና ባልደረቦቹ የጥቅሉን አሠራር ከቴሌቪዥን ወደ ሲኒማ አምጥተው፣ በ1988 ሬይን ማን በተባለው ፊልም እንደ ታየው ዳይሬክተሩንና ሁለቱን ዋና ተዋንያን ከአንድ ቤት አቀረቡ። በ1990 የጃፓኑ ማትሱሺታ ኤም.ሲ.ኤ.ን ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲገዛ ድርድሩን ያቀናው ኦቪትስ ነበር፤ በ1995 የካናዳው ሲግራም አብዛኛውን ድርሻ ከማትሱሺታ ሲረከብ ደግሞ ከመሥራቾቹ አንዱ ሮን ሜየር የኤም.ሲ.ኤ. ኃላፊ ሆነ። በ1996 የኤም.ሲ.ኤ. ስም ለዩኒቨርሳል ስም ቦታውን ለቀቀ።

በ1952 የተነሣው ጥያቄ ግን ከስሙ ጋር አልጠፋም። በቴሌቪዥን ጥቅል ክፍያ ስር ወኪሉ ከደራሲው ደመወዝ 10 በመቶ መውሰዱን ትቶ፣ ክፍያውን በቀጥታ ከዝግጅቱ በጀትና ከወደፊት ትርፉ ይቀበል ነበር። ይህ በአንድ በኩል ደራሲውን ከኮሚሽን ነፃ ያወጣው ነበር፤ በሌላ በኩል ግን የወኪሉን ገቢ ከደራሲው ገቢ ይነጥለው ነበር፣ እንዲያውም የደራሲው ክፍያ ዝቅ ሲል ወኪሉ የሚካፈለው የዝግጅቱ ትርፍ ከፍ ይል ነበር። ታላላቆቹ ድርጅቶች በተጨማሪ አዘጋጅ ኩባንያዎችን ማቋቋም ሲጀምሩ፣ በኤፕሪል 2019 ከ7,000 የሚበልጡ የአሜሪካ ደራሲያን በማኅበራቸው መመሪያ ወኪሎቻቸውን በአንድ ጊዜ አሰናበቱ። ግጭቱ ያበቃው ድርጅቶቹ አንድ በአንድ ከማኅበሩ ጋር ተስማምተው፣ የመጨረሻውም በፌብሩዋሪ 2021 ሲፈርም ነው፤ በስምምነቱ መሠረት የጥቅል ክፍያ እስከ ጁን 2022 እንዲቆም፣ ወኪል ድርጅት በአዘጋጅ ኩባንያ የሚኖረው ድርሻም ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ተወሰነ።

ሁለቱ ዘመናት ጎን ለጎን ሲታዩ ትምህርቱ አንድ ነው። የወኪሉ ታማኝነት የሚጠበቀው ገቢው ከባለሙያው ገቢ ጋር በተሳሰረበት መጠን ሲሆን፣ ያ ትስስር ሲላላ የወኪሉ በጎ ፈቃድ ብቻውን ክፍተቱን አይሞላውም። ኤም.ሲ.ኤ. ለጄምስ ስቱዋርት የግማሽ ትርፍ ድርሻ ያስገኘው ያው ድርጅት ሆኖ ሳለ በተራው ተዋናይ ላይ አሠሪ ሆኖ የተገኘው ባሕርዩ ስለ ተለወጠ ሳይሆን የሚከፈለው ከሌላ አቅጣጫ ስለ ሆነ ነው። የ1952ቱ የተዋንያን ማኅበር ሥራ ለማግኘት ፈቃድ በሰጠ ጊዜ ያጓደለው ነገር ቢኖር ለፈቃዱ ልክ አለማበጀቱ ነው፤ የ2021ዱ የደራሲያን ስምምነት ዋጋም ያንን ልክ በቁጥርና በቀን ማስቀመጡ ላይ ነው። የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች የሚደራጁበት አገር ሁሉ ወኪልነትን በሕግ ወይም በማኅበር ደንብ ሲያቋቁም አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ ለወኪሉ የሚከፍለው ማን ነው የሚል ነው፤ ይህ በግልጽ ካልተወሰነ ሌሎቹ የውል አንቀጾች በሙሉ የቱንም ያህል ቢጠነቀቁ ባለሙያውን ሊጠብቁት አይችሉም።